«ደኅና ነው» ከማለት በፊት ቁጥሩን እንጠይቅ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ዕድሜ የለመኑ ወላጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፈዋል። በአማኑኤልም ሆነ በደብረ ማርቆስ መድኃኒቱን ለረጅም ዓመታት የወሰደ ሰው አሁን የሚጠይቀው «እተርፍ ይሆን?» ብሎ ሳይሆን «በደሜ ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ አለ?» ብሎ ነው።

መልሱን የሚሰጠው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ50 በታች ከተገኘ መድኃኒቱ በሚገባ እየሠራ ነው። ከ1,000 በላይ ከሆነ ሕክምናው እንዳልሠራ ይጠረጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ብዙ ጊዜ «ደኅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ትንሽ ቁጥር አንዴ ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ከተደጋገመ ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ባለሙያው ስለ አወሳሰዱ ይመክራል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላም ምርመራው ይደገማል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከቤት አይርቅም፦ በገበያ ቀን የተረሳ ኪኒን፣ እንግዳ እንዳያይ የታለፈ ሰዓት፣ ጸበል ሲገቡ የተቋረጠ መድኃኒት፣ መንገድ ተዘግቶ ያለፈ ቀጠሮ። ሌላም አለ። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን፣ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ካለው የጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ኪኒኑ ከማስታገሻው 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት።

ቁጥር ታየ ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ መጠኑ ከ1,000 ያልበለጠ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን የማስተላለፍ ዕድሉ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ ቫይረሱ በምርመራ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ዜሮ ነው። ይህ ጡት ማጥባትን አይመለከትም። የምታጠባ እናት ትንሹን ቁጥር እንኳ ሳትንቅ ሐኪሟን ታማክር።

መድኃኒት የሚወስድ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶችም ልጁ ኪኒን ዘለልኩ ሲላችሁ አትቆጡት። ቁጣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ያስደብቀዋል። ይልቅ ምን እንዳስቸገረው ጠይቁት፤ ሰዓቱንም እንደ ምግብ ሰዓት አብራችሁ ጠብቁ። በቀጠሮው ቀን ደግሞ «ውጤቱ ደኅና ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ቁጥሩ ስንት ነው? ያለፈውስ ስንት ነበር?» በሉ፤ በደብተርም አስፍሩት።