የሰበታ ክለብ ሜዳው የት ነው?

ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ ደጋፊው የተመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ጊዮርጊስን፣ ቡናን፣ ፋሲልን በገዛ ከተማው አስተናግዶ ማየት። ይህ አልሆነለትም። ክለቡ በ2012 «የሜዳዬ» የሚላቸውን ጨዋታዎች ያደረገው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ከጊዮርጊስ ወይም ከቡና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ባለሜዳ የተባለው ሰበታ፣ ተጋጣሚው ለዓመታት ቤቴ ብሎ በኖረበት ስታዲየም ተገኝቶ ነው የሚጫወተው።

ከሰበታ አዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቅ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ከፋብሪካ ሥራው ወጥቶ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል ታክሲ እየቀያየረ ስታዲየም የሚደርስ ሰው፣ ጨዋታው አልቆ ሲመለስ ይመሽበታል። ልጁን ይዞ መሄድ ቢፈልግ ወጪው እጥፍ ነው። ከሰፈሩ በእግሩ ወደ ሜዳ የሚሄድ ደጋፊና በታክሲ የሚሳፈር ደጋፊ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ቀስ በቀስ ይቀራል።

ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት ከ17 ጨዋታ በኋላ ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ አካሄዱ ተለውጦ ነበር። ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይጓዙ ነበር። በዚያ ዓመት ውድድሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ አድርጎ ሐዋሳ ላይ ተጠናቀቀ። በኋላ አዳማም አስተናጋጅ ሆነ። ለወረርሽኝ ጊዜ የታሰበው አሠራር ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ቀጠለ።

ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። ጨዋታዎቹ በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው፤ የካሜራ ቡድን በየሳምንቱ ወደ ስምንት ከተማ ከመላክ አንድ ቦታ ማቆየት ይቀላል። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳም ጥቂት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ካፍ የአገሪቱን ስታዲየሞች ካገደ ወዲህ ባለሜዳ የሆነባቸውን ጨዋታዎች በባዕድ አገር ለመጫወት ተገዷል፤ በ2014 ግብጽን 2 ለ 0 የረታው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከኮሮና በፊትም የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ የተካሄደበት ጊዜ ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ ይህ ውሳኔ ሲወሰንና ሲራዘም ደጋፊው አንድም ቦታ አለመጠየቁን ነው።

ሰበታ ከተማ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር በ2014 ወረደ። ለገጣፎ ለገዳዲ ደግሞ በዚያው ዓመት አድጎ በ2015 ተመልሶ ወረደ፤ የለገጣፎ ሰው ክለቡን በፕሪሚየር ሊግ አንድ ቀን እንኳ በከተማው ሳያይ ማለት ነው። በ2015 ሌላም ለውጥ መጣ። የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን አዋህዶ ሸገር ከተማን መሠረተ። ሰበታ ክፍለ ከተማ ሆነች። ቡራዩና ሱሉልታም በየስማቸው የሚጠሩ ክለቦች ነበሯቸው። ዛሬ በሊጉ የሚታወቀው ስም ሸገር ከተማ ነው፤ የሰበታ ደጋፊ ይህ ክለብ የእኔ ነው ይበል አይበል በስብሰባ የሚወሰን ነገር አይደለም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የከተማ ክለቦቻችን በጀታቸው የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ብዙ ጊዜ ከንቲባው ነው። አስተዳደሩ ሲቸግረው ደመወዝ ይቋረጣል፤ አስተዳደሩ ሲዋቀር ክለቡም አብሮ ይዋቀራል። የድርጅት ክለቦችም ዕጣ ከዚህ አይሻልም፤ ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ቀደም ሲል በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ቡድን ነበረው፣ አሁን የለም። ሲዳማ ቡናም ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ይርጋለሞች አዘኑ እንጂ የሚያቀርቡት ሕጋዊ መብት አልነበራቸውም። ከበሮ ይዞ የሚጨፍረው ሕዝብ በክለቡ ላይ የፊርማ ሥልጣን የለውም።

ሌላው ዓለም ይህን ትግል አይቶታል። እንግሊዝ ውስጥ ዊምብልደን በ1991 እ.ኤ.አ. ሜዳውን ፕላው ሌንን ለቆ ከክሪስታል ፓላስ ጋር ሴልኸርስት ፓርክን በጥገኝነት መጋራት ጀመረ። ደጋፊው ቢቃወምም በ2002 ወደ ሚልተን ኬንስ እንዲዛወር ተፈቀደለት። ደጋፊዎቹ ፊርማ አሰባስበው፣ ሰልፍ ወጥተው ሲሸነፉ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ ከታችኛው እርከን ተነስተው በ2011 ወደ ፉትቦል ሊግ ገቡ፤ በ2020 ወደ ፕላው ሌን ተመለሱ። ልብ በሉ፣ የዊምብልደን ስደት የተጀመረው በሰው ሜዳ «ለጊዜው» በመጫወት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮለምበስ ክሩ ባለቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ክለቡን ወደ ኦስቲን እወስዳለሁ ሲል ግን ደጋፊው የሚመረኮዘው ሕግ ነበረው። ክለቡ ባለበት በኦሃዮ ግዛት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግብር ገንዘብ በተደገፈ ስታዲየም የሚጫወት ክለብ ከመሄዱ በፊት የስድስት ወር ማስታወቂያ እንዲሰጥና የአካባቢው ሰዎች እንዲገዙት ዕድል እንዲተው የሚያስገድድ ሕግ አለ። ግዛቱና ከተማው ባለቤቱን ከሰሱ፣ ደጋፊው በየአደባባዩ ዘመቻ አካሄደ፣ አዲስ ገዢዎች ተገኙ፤ ክለቡ ቀረ።

የእኛ ክለቦች ደግሞ ከሜዳቸው አልፈው ደመወዛቸውም የሚከፈለው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከኦሃዮ ሰው ይልቅ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው እንዲህ ያለ መብት የበለጠ ይገባዋል። ሜዳ ሲቀየር ወይም ክለቦች ሲዋሃዱ ቀድሞ በአደባባይ ይነገረው። በቦርዱ ውስጥ ደጋፊው ራሱ የመረጠው ሰው ይቀመጥ። የሊጉ አክሲዮን ማህበርም ክለቦች ወደየከተማቸው የሚመለሱበትን ቅደም ተከተል፣ የትኛው ሜዳ ምን እንደሚጎድለው ጭምር፣ ይፋ ያድርግ። ሰበታ ሣር ይጎድላት እንደሆነ፣ አጥር ወይም መልበሻ ክፍል፣ ዝርዝሩን ያወቀ ሕዝብ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።