ቢያጎሉት የማይደበዝዝ መስመር

ባለፈው ወር አክስቴ ለዳቦ ቤቷ አዲስ ባነር እንዳሠራላት ጠየቀችኝ። አርማውን ከዓመታት በፊት በእጁ የሣለው ባለቤቷ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ዛሬ የለም። የቀረን በቴሌግራም የተላከ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ስወስደው ልጁ ስክሪኑ ላይ ሦስት ሜትር አድርጎ ለጠጠው። የስንዴው ዛላ የተደረደረ ጡብ መሰለ። «ወንድሜ፣ ቬክተሩ የለህም?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ማለት ባለ ቀለም ነጥቦች የተደረደሩበት ሰንጠረዥ ነው፤ ሲለጠጥ ነጥቦቹ አግጥጠው ይወጣሉ። ቬክተር ግን የሚይዘው ትእዛዝ ነው፦ «ከዚህ ተነስ፣ በዚህ በኩል ጉበጥ፣ እዚያ ጋ ቁም»። ኮምፒውተሩ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይሥለዋል። ስለዚህ ቢዝነስ ካርድ ላይም ሆነ የሕንፃ ግድግዳ ላይ ያው ጥራት ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ስኬችፓድ በሚባል ፕሮግራሙ፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ይሥል ነበር። ዛሬ በ«ፔን ቱል» የምንጎትተው ኩርባ ደግሞ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፖል ደ ካስቴልዦ ሲትሮዌን ውስጥ፣ ፒየር ቤዚየ ሬኖ ውስጥ የመኪና ቅርፅ ለማውጣት የሠሩበት ሒሳብ ነው። በ1987 አዶቢ ኢሉስትሬተር፣ በ1989 ኮረልድሮው ወጡ። ፍሪሃንድ የሚባል ብዙ ወዳጅ የነበረው ተፎካካሪም ነበር፤ አዶቢ ባለቤቱን ማክሮሚዲያን ከገዛ በኋላ ግን ቆመ። በ2003 የተጀመረው ኢንክስኬፕ እስከ ዛሬ በነፃ ይገኛል።

እኔም የከፈትኩት እሱን ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲገለብጠው አዘዝኩት። የፎቶውን ብዥታ ሁሉ መስመር ነው ብሎ በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ረጨብኝ። አጠፋሁና በእጄ ጀመርኩ። አንድ የስንዴ ፍሬ በሁለት ነጥብ ብቻ ልክ ስትመጣ ያለው ደስታ! ሰው ቢያየኝ አበደ ይለኛል።

ሌላም አለላችሁ። ኤስቪጂ ፋይልን በጽሑፍ መክፈቻ ክፈቱት፤ ሥዕሉ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቀለሙን ቁጥር ቀይራችሁ አስቀምጡት፣ መልሳችሁ ስታዩት ቢጫው ስንዴ አረንጓዴ ሆኗል። አሁን የምታነቧቸው ፊደሎችም እንዲሁ በኩርባ የተሠሩ ናቸው፤ ለዚህ ነው ስታጎሏቸው የማይቆራረጡት።

«ዳ» ጋ ስደርስ ቆምኩ። ረጅሙ እግሩ ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል። አንድ ነጥብ ብስብ ይቃናል፤ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ተውኩት።

ባነሩ ሲሰቀል አክስቴ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይቺ የሱ እጅ ናት» አለች፣ በጣቷ «ዳ»ን እያሳየችኝ።

አርማ የምታሠሩ ካላችሁ፣ ከፎቶው ጋር የቬክተር ፋይሉንም ሳትቀበሉ አትውጡ።