«በቀን ሦስት ጊዜ» ብቻ አይበቃም

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ልጅ ያተኮሰው ወይም ራሱን ያመመው ብዙ ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት የሚሄደው ሰፈሩ ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። በመስኮቱ በኩል የሚነገረው ቃል እንግዲህ ትልቅ ነገር ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ እስቲ ይህን ያንብቡልን» እያሉ መድኃኒታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከረጢቱ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው «1×3» የሚል ብቻ ነው። አንዷ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ትወስደዋለች፤ ሌላዋ ሦስቱንም ባንዴ። በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ ከሆነ ግን ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8 እና ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው።

አንዲት የሱሉልታ እናት በሁዳዴ ጾም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ጠዋት ውጠው እስከ 9 ሰዓት ይጾሙ ነበር። ይህ መድኃኒት ምግብ ሳይቀመስ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከመጠን በታች ሊያወርድ ይችላል። ስደርስ ላብ አጥምቋቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ራሳቸውን ስላልሳቱ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣናቸውና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። መድኃኒቱን ሲገዙ «ይጾማሉ ወይ?» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ሌላም አለ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላና ከአረቄ መራቅ አለበት። የወባው ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል። ለሕፃን ተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። የሽሮፕ መለኪያ አብሮት የመጣው ማንኪያ እንጂ የወጥ ማንኪያ አይደለም።

ባለሙያዎቹን ብቻ አልወቅስም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ በሽታን በመስኮት ሰው እየሰማ መናገርም ያሳፍራል። ቢሆንም ገዢው በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ማስረዳትና መልሶ እንዲናገር ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እናንተም ሳትጠይቁ አትውጡ፤ ለምን በሽታ ነው? ስንት ሰዓት ላይ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? እስከ ስንት ቀን? ከምን ልራቅ? ምን ቢሰማኝ ልመለስ? እርጉዝ የሆነች፣ የምታጠባ፣ የምትጾም ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስድ አስቀድማ ትናገር። መድኃኒቱ ጉዳት ካስከተለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመር 8482 አሳውቁ።