የትኛው መጠይቅ ይቀመጥ?

በአዊ ዞን፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብርቅ አይደለም። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ማሳቸውን ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዛፍ ማልበስ ከጀመሩ ወዲህ ተመራማሪው በርክቷል። ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ በቀጣዩ ዓመት በዛፎቹ መሀል የበቀለው ሣር ይታጨዳል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ይከሰላል፤ መሬቱም እንደገና ይታረሳል። «ስንት ቃዳ መሬት ተከሉ? ካከሰሉ ስንት አገኙ? ገንዘቡን ምን ላይ አዋሉት?» እየተባለ ይጠየቃል። ውጤቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የመጽሔት መጣጥፍ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሰጠው ጥሬ መልስ ግን ብዙውን ጊዜ በአጥኚው ፍላሽ ላይ ይቀርና ከፍላሹ ጋር ይጠፋል።

እንዲህ ያለውን ጥሬ መልስ ሰብስቦ የሚያቆይ የመረጃ ማኅደር በእንጅባራም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢቋቋም ሁሉንም መቀበል አይችልም። ችግሩ የኮምፒውተር ቦታ አይደለም፤ እሱ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው የሰው ጉልበት ነው፦ ፋይሉን ማጽዳት፣ ማብራሪያ መጻፍ፣ ሶፍትዌር በተለወጠ ቁጥር ወደ አዲሱ ማዛወር፣ ለጠያቂ መልስ መስጠት። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ነገ ተመልሰን ልንሰበስበው እንችላለን?» ብዬ ነው። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ የአዊን ዲከረንስ ክፉኛ ጎድቶታል። ከበሽታው በፊት ገበሬው ስንት ያገኝ እንደነበር ዛሬ ብንጠይቀው የሚነግረን የሚያስታውሰውን ነው፤ ትዝታ ደግሞ ከከሰረ በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል። ከበሽታው በፊት የተሞላ መጠይቅ እንግዲህ ዳግም አይገኝም። ሁለት መቶ ቤተሰብ ብቻ ያነጋገረ የማስተርስ ተማሪ ፋይል፣ በደንብ ከተሠራ፣ ከብዙ ታላላቅ ጥናቶች ቀድሞ መቀመጥ አለበት እላለሁ።

ታላላቆቹ ጠባቂ አላቸውና። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች የናሙና መረጃ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል። ከ1999 ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ለ2010 የታሰበው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ሆኖም «ውጭ አገር አለ» ብሎ መዘናጋትም አይበጅም። የሕዝብና ጤና ጥናቶችን የሚያካሂደው ዲ ኤች ኤስ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ሲቋረጥበት አዲስ የመረጃ ጠያቂ መመዝገብ እንኳ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ስለ ራሳችን የተሰበሰበውን ቢያንስ አንድ ቅጂ እዚህ መያዝ ይገባል።

ቁጥሩ ብቻውን መምጣቱም አይበቃም። በ1976 ቆጠራ ጊዜ የአዊ ዞን የሚባል አልነበረም፤ አካባቢው በጎጃም ክፍለ ሀገር የአገው ምድር አውራጃ ነበር። የዚያን ጊዜ የቦታ ኮዶች ዝርዝር የሌለው ሰው ከዛሬው ወረዳ ጋር ሊያመሳክር አይችልም። የአዲስ ቅዳሙ ፋይልም እንደዚሁ ነው፤ «3» የተባለው ቃዳ ነው ወይስ ጥማድ? ቃዳው በስንት ሄክታር ተሰላ? በአማርኛ የተጻፈው ጥያቄ ለገበሬው በአውኚ ቋንቋ ከተነገረ ማን ተረጎመው፣ ምን ብሎ? ይህን የሚመልስ ወረቀት ከሌለና አጥኚውም ካልተገኘ ፋይሉን ባልቀበለው እመርጣለሁ። አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቢወድቅም አያሳዝነኝም።

ተከታታይነት ያለው መረጃ ልዩ ክብደት አለው። በምሥራቅ ጎጃም የትመንን ጨምሮ በ15 የገጠር አካባቢዎች የተካሄደው የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት በ1986 ዓ.ም. ከ1,400 በላይ ቤተሰቦችን ይዞ ተነሣ፤ እስከ 2001 ድረስ ወደ እነዚያው ቤተሰቦች እየተመለሰ ጠየቀ። ማን ከድህነት እንደወጣና ማን ተመልሶ እንደገባ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀ መንደርም የዚህ ዓይነት ሰንሰለት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ግን የተጠያቂዎቹ ስም ዝርዝር መቆየት አለበት።

ጣጣውም ያ ዝርዝር ነው። ስምን መሰረዝም ብቻውን ሰውን አይሰውርም። በአንዲት ቀበሌ ባሏ የሞተባት፣ አራት ፈረስና ስድስት ልጆች ያሏት ሴት ብሎ ፋይሉ ከመዘገበ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል፤ ለማንም ያልነገረችው ዕዳዋም አብሮ ይታወቃል። ዲ ኤች ኤስ ይህን ለመከላከል የገጠር ናሙና ቦታዎችን የጂፒኤስ ነጥብ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ አንዱን ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር አዛብቶ ነው የሚሰጠው። እኛም ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ ማኅደሩ ስሙን ከመልሱ ለይቶ ይቆልፍ፤ የፋይሉን ቅጂ ለሌላ አጥኚ ሲሰጥ ፈረሱን በቁጥር ሳይሆን «ከሁለት በላይ» ብሎ ይግለጽ። ገበሬው «ለዚህ ጥናት ብቻ» ተብሎ ፈቅዶ ከሆነ ግን ለሌላ መስጠት ቃል ማፍረስ ነው።

ይህ ሁሉ ከጥናቱ በኋላ ሲታሰብ ይዘገያል። የፈቃድ ቅጹ ላይ መረጃው ተጠብቆ ለሌሎች አጥኚዎች ሊሰጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባው የጥናቱ ዕቅድ በሚጸድቅበት ቀን ነው። መጠይቁን፣ የኮድ ዝርዝሩንና የልኬት ማስታወሻውን መቀበል ደግሞ ተማሪው ጽሑፉን ሲያስገባ፣ ዲግሪውን ይዞ ከመሄዱ በፊት መሆን አለበት።