የላፕቶፕ ባትሪ ሲደክም የሒሳብ መዝገብ እንዳይጠፋ

በወልድያ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የቀኑ ገበያ ካበቃ በኋላ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። ጸሐፊው የገባውን ጤፍና ማሽላ በኩንታል፥ የተሸጠውን በብር፥ በዱቤ የወጣውንም በባለዕዳው ስም እየለየ በላፕቶፕ ላይ ይመዘግባል። በዚሁ መካከል መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪ ያለው በመሆኑ ሥራው ይቀጥላል፤ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ግን መኪናው ይተኛል ተብሎ ሲጠበቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መብራት ተመልሶ ሲከፈት ያልተቀመጠው ጽሑፍ በቦታው የለም። የጠፋው የዱቤው ገጽ የሆነ እንደሆነ፥ ነጋዴው በማግሥቱ ዕዳውን የሚጠይቀው በልቡ የያዘውን ብቻ ተማምኖ ነው።

ለዚህ ጉዳት ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ላፕቶፑን ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘውን ፈጽሞ ይገኛል። ይኸውም እንደሚከተለው ነው። ስሊፕ የተባለው እንቅልፍ፥ በሥራ ላይ ያለውን ገጽ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ያቆየዋል፤ ይህ ማስታወሻ ደግሞ የያዘውን የሚጠብቀው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የተኛ ላፕቶፕ ጥቂትም ቢሆን ባትሪ መጠቀሙን አያቆምም። በደከመ ባትሪ ላይ እንቅልፍን መመኘት፥ ላምባው ያለቀበትን ፋኖስ ክሩን ዝቅ አድርጎ እስከ ንጋት ለማቆየት እንደመሞከር ነው። ለዚህ ጊዜ የሚበጀው ሃይበርኔት የተባለው ሌላው መንገድ ነው። በዚህኛው መንገድ መኪናው በራም ያለውን ሁሉ ወደ ዲስክ ገልብጦ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ መብራት ሲመለስ ገጹ ከነበረበት ይከፈታል።

እንግዲህ ላፕቶፑ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈጽም፥ ወይም በቀጥታ እንደሚጠፋ፥ የሚወስነው በውስጡ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። በዊንዶውስ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮል ፓነል ተከፍቶ ፓወር ኦፕሽንስ ከሚለው ተገብቶ፥ የተመረጠው ዕቅድ ዝርዝር ማስተካከያ ሲታይ ባትሪ በሚለው ሥር ክሪቲካል ባተሪ አክሽን የሚል መስመር ይገኛል። በባትሪ ሲሠራ የሚለው ቦታ ሻት ዳውን ከተባለ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነውና ወደ ሃይበርኔት መለወጥ ይገባል። ሃይበርኔት የሚለው ቃል ከምርጫው ውስጥ የታጣ እንደሆነ፥ አንድ ባለሙያ የዲስክ ቦታ ለማትረፍ ሲል አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ በትእዛዝ መስኮት እንደገና ማስነሣት ቀላል ሥራ ነው። በሊኑክስ የሚሠሩ መኪናዎች ላይ ደግሞ ሃይበርኔት ሳይዘጋጅ የቀረ እንደሆነ፥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መኪናው ራሱን ማጥፋቱ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ላፕቶፑ ድንገት ሲጠፋ የሚታይበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ነገሩ የባትሪው እርጅና ነው። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ባትሪው 10 በመቶ ሲቀረው፥ የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚፈጽመውም 5 በመቶ ሲደርስ ነው። ያረጀ ባትሪ ግን 15 በመቶ አለኝ እያለ ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ መኪናውም 5 በመቶ ላይ ሳይደርስ፥ ትእዛዙንም ሳይፈጽም ይቀራል። እንዲህ ላለው ባትሪ የማስጠንቀቂያውንም የመጨረሻውንም ደረጃ ከፍ ማድረግ፥ ለምሳሌ 25 እና 20 በመቶ ማለት፥ አዲስ እስኪገዛ ድረስ መዝገቡን ያድናል።

የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጀው ዕድሜና የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሙቀትም ነው። የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ ይልቅ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ ናት። ሽንኩርትና ፍራፍሬ የሚጭን ነጋዴ ላፕቶፑን በቀትር በመኪና ጋቢና ውስጥ ትቶ ቢወርድ፥ ባትሪውን ሳያውቀው እየጎዳው ነው። ባዶ ሆኖ ለረዥም ጊዜ መቀመጥም እንደዚሁ ይጎዳል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቱ የሚታወስ ነው፤ ከዚያ ዘመን ተርፈው ዛሬም የሚያገለግሉ ላፕቶፖች ካሉ ባትሪያቸውን መመርመር ተገቢ ነው። መለዋወጫ ባትሪ የሚያስመጡና በመደርደሪያ የሚያቆዩ ነጋዴዎችም ዕቃውን በቀዝቃዛ ቦታና በግማሽ ያህል ኃይል ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ የዲስኩና የራሙ መጠን ይጠየቃል፤ ባትሪውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዊንዶውስ በአንድ ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። በሪፖርቱ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያሉ። የመጀመሪያው 50,000፥ ሁለተኛው 20,000 ሚሊዋት ሰዓት ቢሆን፥ የቀረው ከመቶ 40 ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዚያ መጠን ሊነገርበት ይገባል።

የሒሳብ ሠንጠረዥ በኤክሴል ለሚይዝ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። ኤክሴል ለአደጋ ጊዜ ቅጂ የሚይዘው፥ ካልተለወጠ በቀር፥ በየ10 ደቂቃው ነው፤ ይህን ወደ 1 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል።

ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ገበያ በሌለበት ቀን መሞከር ያስፈልጋል። የማያስፈልግ ገጽ ተከፍቶ ጥቂት ቃል ይጻፍበትና ሳይቀመጥ ገመዱ ይነቀላል፤ ባትሪው እስኪያልቅም ይተዋል። ገመዱ ተመልሶ መኪናው ሲከፈት ቃሉ በቦታው ከተገኘ ሥራው ተሳክቷል። ካልተገኘ የመጨረሻው ደረጃ እንደገና ከፍ ይደረጋል፤ ይህም ካልረዳ ባትሪው የሚለወጥ ነው።