ለቆላ የሚሆን የሕክምና መሣሪያ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ቆቦ ሲደርስ ቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። በዞብል ተራሮች ግርጌ የተዘረጋው የራያ ሜዳ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ ዝናብ ከሚጠብቀው የማሽላ ማሳ አቧራ ይነሣል። በሆስፒታል ውስጥ ላለ ኤሌክትሮኒክስ ሁለቱም ዕድሜ የሚያሳጥሩ ናቸው።

የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን የሚደርስለትን ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር እንውሰድ። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ ይጨምቅና ዚዮላይት በተሞላ ቱቦ ያሳልፈዋል። ከአየሩ 78 በመቶ የሆነውን ናይትሮጅን ዚዮላይቱ ያስቀረዋል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። አንዱ ቱቦ ሲሞላ ሌላው ይተካዋል፤ የሞላውም ግፊቱ ሲለቀቅለት ናይትሮጅኑን ወደ ውጭ ይተፋል። በዚህ ፈረቃ 21 በመቶ የነበረው ኦክስጅን ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳል። ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ኦክስጅን ሲያንስም የሚጮኸው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው።

ቦርዱ ላይ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ሲሊንደሮች አሉ። ከሶኬት የመጣውን ኃይል አለዝበው ለቺፖቹ ያቀርባሉ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ እያለ ይደርቃል። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። «105 ዲግሪ፣ 2,000 ሰዓት» የተባለለት ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሌት ተቀን ቢሠራ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። አቧራ ማጣሪያውን ደፍኖ የሣጥኑ ውስጥ 75 ዲግሪ ከገባ ግን ሁለት ዓመት አይሞላውም። ክዳኑን የፈታ ባለሙያ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ያገኛል። ዋጋዋ ኢምንት የሆነች ዕቃ ትልቁን ማሽን አቆመች ማለት ነው።

የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቡድን መሪ ዋና ሥራም እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሰርኪዩት ከመነደፉ በፊት መሣሪያው የት እንደሚውል በቁጥር አስጽፎ ማስፈረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ ኮንሰንትሬተር ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት መሥራት አለበት። ይህ የክፍሉ ሙቀት ነው። የሣጥኑ ውስጥ ስንት እንደሚደርስ፣ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመጣ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚዘል፣ ማጣሪያው በስንት ጊዜ እንደሚታጠብ መጠየቅ ያለበት መሪው ነው። የቡድኑ አባላትም ሐሳባቸው አይገጥምም። አንዱ ለማቀዝቀዝ ትልቅ ፋን ይፈልጋል፤ ሌላው ፋኑ አቧራ ይጠራል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለክቶ መወሰን የመሪው ፈንታ ነው።

ለድርድር የማይቀርብም አለ። ልብን በቀጥታ በሚነካ መሣሪያ ላይ በደኅና ጊዜ ወደ ታካሚው የሚያመልጠው ፍሰት ከ10 ማይክሮአምፔር እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ ደረጃ ያዛል። በካናዳ የተሠራው ቴራክ-25 የጨረር ማሽን ደግሞ ቀዳሚዎቹ የነበራቸው ሜካኒካል መቆለፊያ ቀርቶለት ደኅንነቱ ለሶፍትዌር ብቻ ተተወ፤ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ስድስት ታካሚዎች ከመጠን በላይ ጨረር ደረሰባቸው፣ የሞቱም አሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆቦ ባለበት በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መሣሪያቸውም ተሰባብሯል። ስለዚህ በምትኩ የሚገባው ዕቃ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ ለዚህ አካባቢ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሚጠገንም መሆን አለበት። ማልኪንና ኪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ11 አገሮች አቅም ባነሳቸው ሆስፒታሎች ከቆሙት መሣሪያዎች 66 በመቶው ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ በመሠረታዊ ሙያ ብቻ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችል ነበር። ብሎኑ በተራ መፍቻ የሚፈታ፣ ካፓሲተሩ ገበያ ላይ የሚገኝ እንዲሆን የሚወሰነውም በንድፉ ጊዜ ነው።

በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶች አሉን። አስተማሪዎቻቸውን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ንድፋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ግንቦት ላይ ቆቦ ይላኩ፤ የሕሙማን ክፍሉን ሙቀትና የሶኬቱን ቮልቴጅ ራሳቸው ለክተው ይምጡ።