የድራማ ክበብ ልጆች፦ የሚባለውና እውነታው

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ማን እንደሆነ ራሱን የሚጠይቅበት፣ ከወላጆቹ ይልቅ የጓደኞቹን ቃል መስማት የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው። በዚህ ወቅት «ድራማ ክበብ ልግባ» ሲል ብዙ ወላጆች ይሰጋሉ። የሚሰጉባቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ድራማ የደፋር ልጅ ነው።»
ዓይን አፋር ልጅ በራሱ አንደበት መናገር ይከብደዋል። መድረክ ላይ ግን የሚናገረው ተጽፎለታል፣ የሚቆምበት ተነግሮታል፣ የሚመልስለት ጓደኛም ከፊቱ አለ። ድፍረቱ የሚመጣው በልምምድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ደግሞ ማዳመጥን ነው፤ የጓደኛውን ንግግር ያልተከታተለ የራሱን ተራ ይስታል።

«ከትምህርት ያዘናጋል።»
ቃለ ተውኔት ማጥናት ደጋግሞ ማንበብና መረዳት ነው። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትርም በትምህርት ቤት ያደገ ነው፤ መምህሩ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቹን ተማሪዎች ይጫወቱለት ነበር። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም አምቦ ተማሪ ሳለ፣ በ13 ዓመቱ ግድም፣ ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ጽፎ ተውኔቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቶለታል። ተውኔት መጻፉም በኋላ ሕግ ከመማር አላገደውም።

«ዋናውን ሚና ያላገኘ ልጅ ተሸንፏል።»
ሚና ሲከፋፈል የሚያለቅስ ልጅ አለ፤ ኀዘኑ እውነተኛ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ይሁንና መጋረጃ የሚስብ፣ አልባሳት የሚያሰናዳ፣ ቃል ለጠፋበት በሹክሹክታ የሚያስታውስ ከሌለ ዋናው ተዋናይ ብቻውን ምንም አይሠራም። ብዙ ልጅ የሥዕል ወይም ሰው የማስተባበር ችሎታውን የሚያገኘው እዚያው ከመድረክ ጀርባ ነው። ጓደኝነትም የሚጠነክረው አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሲሸፍንለት ነው።

«ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተ ክፋት ይማራል።»
ጨካኝ አባት ሆኖ የሚጫወት ልጅ ሰውየው ለምን እንደሚጮህ ማሰብ ይኖርበታል። መምህሩ «ይህ ሰው ምን ፈርቶ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ የሰውን ቁጣ ሲመረምር የራሱንም ይመረምራል። ልጅን የሚጎዳው ሚናው ሳይሆን ከመድረክ ሲወርድ በሚናው ስም እየጠሩ ማሾፍ ነው፤ ይህን መከልከል የአስተማሪውም የወላጁም ኃላፊነት ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ክበቡ ውስጥ መግባት ከፈለገ ይፍቀዱለት። የወላጆች ቀን ሲደርስም፣ ሥራው መጋረጃ መሳብ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ሄደው ይዩለት።